የቡልቡላው ቀበሪቾ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም. ዐርብ ረፋድ ላይ አዲስ አበባ ትጨስ ነበር። ከሲኤምሲ እስከ ገርጂ፣ ከገርጂ እስከ ቡልቡላ ሰዉ የየደጁን ጥራጊ ሰብስቦ አቃጥሎታል፤ በ፲፱፻፲፩ ዓ.ም. ያ ክፉ ወረርሽኝ ከተማይቱን በኅዳር ወር አርግፏት ካለፈ ወዲህ፣ ልጅ ከአባቱ እየተቀበለ ‹ኅዳር ሲታጠን› እያለ በየዓመቱ የሚያደርገው ነው። የሚያቃጥለው ሁሉ ለምን እንደሚያቃጥል ያውቃል ማለት አይደለም፤ ያም ሆኖ ያቃጥላል።

በዚያው ረፋድ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ፣ ከአዲሶቹ የቡልቡላ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጀርባ፣ በአንድ ጥቁር ድንጋያማ ጉብታ ላይ አንድ ሽማግሌ ተንበርክከው እሾህ ይቈጥሩ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ዙሪያው በሙሉ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበረ፤ ጉብታው ግን ማረሻ የናቀው፣ ከብት እንኳ ሲቸግረው ብቻ የሚወጣበት አለት ስለሆነ ማንም አልተመኘውም። አሁን በሦስት በኩል ፎቅ፣ በአራተኛው በኩል የመንገድ ቍፋሮ ከቦታል፤ በላዩም በየጥቂት ደቂቃው አውሮፕላን ሆዱን እያሳየ ዝቅ ብሎ ያልፋል።

እሾህ ማለቴ ለመንገደኛ ዓይን ነው፤ ስሙ ቀበሪቾ ይባላል። ቅጠሉ ዳር ዳሩን ወጊ፣ ጀርባው ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነው፤ አበባው እንደ ሕፃን ጡጫ ድብልብል፣ ነጣ ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ምሁራኑ ከአደይ አበባና ከሱፍ ወገን ይቈጥሩታል፤ ዘመዶቹ በለሰለሰ መሬት ሲንፈላሰሱ እርሱ ግን ደረቁንና ድንጋዩን መርጦ ይኖራል። በበጋ ከላይ ደርቆ የሞተ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ከዚያው ከሥሩ ተመልሶ ይወጣል። የሀገሬው ሰው የሚሻው ያንን ሥር ነው፤ አራስ ቤት ይታጠንበታል፣ ራሱን ያመመው ይታጠነዋል፣ እባብም ያባርራል ይባላል። መከራውም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ቅጠሉን ቢፈልጉት ኖሮ በየዓመቱ በሰጠ፣ ሥሩን ሲወስዱት ግን ራሱን መውሰዳቸው ነው።

ሽማግሌው አቶ ዓለምሰገድ ይባላሉ፤ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ የደረቁ ዕፀዋት ማኖሪያ ቤት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ሥራቸው ከየሀገሩ ተነቅሎ የመጣውን ተክል በጋዜጣ መካከል አጋድሞ፣ በእንጨት መጭመቂያ ጠርንፎ ማድረቅ፤ ከደረቀም በኋላ በወፍራም ወረቀት ላይ መለጠፍ፤ ከወረቀቱም በቀኝ ግርጌ የተክሉን ስም፣ የተገኘበትን ስፍራ፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም መጻፍ ነበር። ባልደረቦቻቸው ‹ሊቀ ዕፀዋት› ይሏቸው ነበር፤ ይህን ማዕረግ የሰጣቸው ንጉሥም ሚኒስትርም የለም፤ ለቀልድ ወጥቶ እያደር እውነት መሰለ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ሐሰት ጽፈው አያውቁም፤ ያላዩትን የአበባ ቀለም አይገምቱም፣ ያላረጋገጡትን የቦታ ስም አያሰፍሩም። የሚጽፉት የሰብሳቢ ስም ግን ሁልጊዜ የምሁራኑ ነበር። የእርሳቸው ስም በአንዲት ወረቀት ላይ እንኳ አልነበረም፤ ይህም አንገብግቧቸው እንደሆነ ለማንም ተናግረው አያውቁም።

በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. ገና ወጣት ተቀጣሪ ሳሉ በሕይወታቸው የለጠፉት የመጀመሪያው ተክል ከዚህ ጉብታ የመጣ ቀበሪቾ ነው፤ ከነሥሩ ቈፍረው ያወጡትም ራሳቸው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሲኤምሲ ቤታቸው በሚኒባስ ሁለት ጊዜ ተሳፍረው በየዓመቱ ኅዳር ላይ እየመጡ ይቈጥሩታል። በከተማይቱ ምሥራቅ የሚያውቋቸው ሌሎች ስፍራዎች አንድ በአንድ ፎቅ ወጥቶባቸዋል፤ የቀረው ይህ ብቻ ነው።

አርባ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ጥላ ወደቀባቸው፤ ቀና ቢሉ ቢጫ የራስ ቍር ያጠለቀ ወጣት ቆሟል። የመንገዱ ሥራ ኃላፊ ኢንጂነር አብኔዘር ነበር።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ይቅርታ፣ ሳይቱ ለሰው ዝግ ነው እኮ። ሴፍቲ የሚባል ነገር አለ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። አንዲት ቀርታኛለች፤ ቈጥሬ ልጨርስ።» ቈጠሩና ተነሡ። «አርባ ሦስት። እንደ አምናው ነው።»

«ምኑ ነው አርባ ሦስት?»

«ቀበሪቾው።»

አብኔዘር የራስ ቍሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይኼ ጉብታ ሰኞ ይነሣል። ለመንገዱ ድንጋይ እንፈልገዋለን፤ ኤክስካቫተሩ ተይዟል።»

አቶ ዓለምሰገድ ካንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሕግ አልጠቀሱም፣ ባለሥልጣንም አልጠሩም፤ «ዘሩ ገና አልደረሰም» ብቻ አሉ። ከኪሳቸው የደረቀች የሥር ስባሪ አወጡና በጥፍራቸው ፍቀው ወደ ወጣቱ አፍንጫ አስጠጉለት። አብኔዘር አንዴ አሸተተ፤ መልሶም አሸተተ።

«ይኼማ የእኛ ቤት ሽታ ነው። ታናሽ እኅቴ ስትወለድ ቤቱ በሙሉ ይኼን ይሸት ነበር።» ስልኩን አውጥቶ ፕላኑን አገላበጠ። «ፕላኑ ላይ ቦታው ግሪን ኤሪያ ነው፤ ፎቅም መንገድም አያርፍበትም። ድንጋዩን የመረጥነው ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው። ከሌላ ቦታ ላስመጣ እችላለሁ፤ አለቆቼ ይጮኹብኛል፣ ይሁን። ግን ኦፕሬተሮቹ እንዳይሳሳቱ የሚታይ ነገር ያስፈልጋል። ዙሪያውን እንጨት ይተከል፣ ቀይ ቀለም ይቀባ፤ ያ ይበቃል።»

«ያ ይበቃል» ያለውን ቃል ያዙልኝ፤ የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው አቶ ዓለምሰገድ ‹አይበቃም› በማለታቸው ነውና።

ከጉብታው ሲመለሱ ገርጂ ወርደው ወደ ወይዘሮ ሐሚዳ መደብ ሄዱ። ወይዘሮ ሐሚዳ ከወሎ የመጡ ሥር ሻጭ ናቸው፤ በአንድ ሸራ ላይ ሥሩንና ቅርፊቱን ደርድረው ሃያ ዓመት እዚያው ተቀምጠዋል። ሰዎች ሲቀልዱባቸው ‹ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ› ይሏቸዋል፤ እርሳቸውም «እናንተ ሲያማችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ?» ብለው ይመልሳሉ። ከአቶ ዓለምሰገድ ጋር የተዋወቁት በጠብ ነበር፤ ከዓመታት በፊት ጉብታው ላይ ሲምሱ አግኝተዋቸው አቶ ዓለምሰገድ ጮኸውባቸዋል። በኋላ ግን ሴትዮይቱ እንዴት እንደሚምሱ ሲያዩ አፈሩ። ወይዘሮ ሐሚዳ ዘሩ ሳይረግፍ መሬቱን አይነኩም፤ ከረገፈም በኋላ ወደ ጎን የሄደውን የሥር ክንድ ብቻ ቈርጠው፣ ቡቃያው የሚወጣበትን ራስ ትተው፣ አፈሩን መልሰው ድንጋይ ይጭኑበታል። ያንን የሥሩን ራስ አባታቸው ‹እናት› ይሉት ነበር፤ እናቲቱን የነካ ሥር ማሽ አይደለም፣ ቀማኛ ነው ብለው አስተምረዋቸዋል። በዚህ ዓይነት ሃያ ዓመት ሲወስዱ ከጉብታው አንድም አልጐደለም። ሊቀ ዕፀዋት ግን በወጣትነታቸው ለወረቀት ብለው ያወጡት ቀበሪቾ ተመልሶ አልበቀለም።

ወሬውን ሲነግሯቸው ወይዘሮ ሐሚዳ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀጥሎ ግን አቶ ዓለምሰገድ የተክሉን ስም ጽፈው ሊተክሉት ስላሰቡት ቆርቆሮ ሲያጫውቷቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ጋሽ ዓለምሰገድ፣ እንጨቱን ይትከሉ፤ ቀዩንም ይቀቡ። ስሙን ግን አይጻፉ።»

«ስም የሌለው ነገር በምን ይጠበቃል፣ ወይዘሮ ሐሚዳ? ሰው የሚያከብረው ሲያውቀው ነው።»

«የእርስዎ ወረቀት ቤት እንደዚያ ይሆናል። ዱር ላይ ያለው የሚተርፈው ሳይታወቅ ነው። አባቴ፣ አላህ ይማራቸውና፣ የሚምሱበትን ቦታ ለእናቴ እንኳ አልነገሯትም፤ ለእኔም የነገሩኝ ሊሞቱ ሲሉ ነው።»

«ጊዜው ተለውጧል። አሁን ሕዝቡ ተምሯል።»

«ተምሯል» አሉ ወይዘሮ ሐሚዳ፣ «ማንበብ ተምሯል።»

አቶ ዓለምሰገድ ነገሩን አልወደዱትም፤ ተሰናብተው ሄዱ። በታኅሣሥ ወር ከአንድ ብረት በያጅ ዘንድ ቆርቆሮ አስቈረጡ፣ ቢጫ አስቀቡት፤ ጽሕፈቱን ግን ለሰው አልሰጡም፤ ራሳቸው በሲኤምሲ ቤታቸው ሰገነት ላይ ሦስት ቀን ተቀምጠው በጥቁር ቀለም ጻፉት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ሻይ ይዘውላቸው ወጥተው አነበቡ።

«‹ቀበሪቾ። ሥሩ ለመድኃኒትነት የሚውል ብርቅ የሀገር ሀብት። መቈፈርና መንቀል ክልክል ነው።› ደግ ነው። ይቺ ከታች ያለችውስ? ‹ቈጥሮ ያስጠበቀ፦ ዓለምሰገድ›?»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ስም ስጽፍ ኖርሁ፣ ዘርፌ።»

ወይዘሮ ዘርፌ ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው ይህን ከአፋቸው ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። «ጻፈው እንግዲህ» አሉ ሻዩን እያስቀመጡ፤ «ካላማረህ መሸፈኛ ቀለም አይጠፋም።»

ቆርቆሮው ታኅሣሥ ፲፱ ቀን ተተከለ። ኤክስካቫተሩ ራቅ ካለ ስፍራ ድንጋይ እያወጣ መንገዱን ቀጠለ፤ አብኔዘርም ቃሉን ጠበቀ። ጥር ላይ ዘሩ ረገፈ፤ የካቲት ላይ ቅጠሉ ደርቆ ተኰራመተ፤ ጉብታው ላይ የቀረው ግራጫ ደረቅ ግንድና እሾህ ብቻ ሆነ። አቶ ዓለምሰገድ በዚያ ወራት ሦስት ጊዜ ሄደው ቆርቆሮውን በመሐረባቸው ወለወሉ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም።

መጋቢት ፬ ቀን ያ በዓለም የተወራው በሽታ በሀገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በየሱቁ ደጃፍ ውኃና ሳሙና ቆመ፤ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ከገበያ ጠፋ፤ በቦሌ ሰማይ ላይ የአውሮፕላኑ ድምፅ እያደር ተመናመነ። ሐኪሞቹ እጃችሁን ታጠቡ፣ ተራርቃችሁ ቁሙ እያሉ በሬዲዮ ይለፍፉ ነበር፤ ሰዉም ይሰማቸዋል፤ ነገር ግን ፍርሃት አንድ ምክር አይበቃውም። ከመቶ ዓመት በፊት አያቶቻችን ከተማይቱን ያጠኑት በከንቱ ነው እንዴ የሚል ወሬ ተነሣ፤ የሚጨስ ነገር ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። ከሁሉም በላይ የተፈለገው ቀበሪቾ ነበር። ጭሱ ማንንም አላዳነም፤ ሰዉን ግን አልወቅሰውም፤ ልጅ ያለው ሁሉ ፈርቶ ነበር።

ወይዘሮ ዘርፌ ባላቸውን ከቤት እንዳይወጡ ገዘቷቸው። «ስድሳ ስድስት ዓመትህ ነው፤ አስምም አለብህ፤ ከዚህ በር ብትወጣ እኔን ገድለህ ውጣ» አሏቸው። ሊቀ ዕፀዋትም ታዘዙ። ሃያ አንድ ቀን በሰገነታቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ደቡብ ሲያዩ ሰነበቱ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ስልካቸው ጮኸ፤ ወይዘሮ ሐሚዳ ነበሩ። ሰላምታውን አሳጠሩት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዎች ሁለት ጆንያ ቀበሪቾ ይዘውልኝ መጡ። ከነእናቱ ነው።»

«ከሌላ ሀገር የመጣ ይሆናል» አሉ አቶ ዓለምሰገድ።

«አፈሩን አውቀዋለሁ። እኔ የቈረጥሁት የክንድ ጠባሳ አለበት።»

በዚያ ሰዓት ግዝቱም ሚስታቸውም አላስቀሯቸውም፤ ወይዘሮ ዘርፌ ፊታቸውን አይተው በሩን ራሳቸው ከፈቱላቸው፣ የአፍ መሸፈኛውንም ደርበው አሰሩላቸው። ቡልቡላ ሲደርሱ የመንገዱ ሥራ ጋብ ብሎ ነበር፤ ጉብታው ላይ ማንም የለም። እንጨቱ እንደ ቆመ ነው፤ ቀዩ ቀለም አልደበዘዘም። ቆርቆሮውንም ማንም አልነካው፤ ቢጫው ያበራል፣ ጽሕፈቱ ከሩቅ ይነበባል። ከሥሩ ግን ምድሩ ተገልብጦ ነበር።

ተንበርክከው እንደ ልማዳቸው ቈጠሩ። አርባ ሦስት ጕድጓድ። ቈፋሪዎቹ አንድም አልሳቱም፤ በጥድፊያ ያደረጉት ሥራ አይመስልም፤ ድንጋዩን በብረት ፈንቅለው እስከ መጨረሻው ተከታትለውታል። ያን ጊዜ ለአቶ ዓለምሰገድ ነገሩ በራላቸው። በመጋቢት ቀበሪቾ የደረቀ እሾህ ነው፤ ከወይዘሮ ሐሚዳና ከእርሳቸው በቀር በዚህ ከተማ አይቶ የሚያውቀው ሰው አሥር አይሞላም። በዚህ ጉብታ በየቀኑ ሺህ ሰው ያልፋል፤ አንድም ሰው ዘወር ብሎ አያየውም ነበር። ለቈፋሪዎቹ የነገሯቸው እርሳቸው ናቸው። በገዛ እጃቸው፣ በሠላሳ ስምንት ዓመት ባማረ ፊደላቸው፣ ስሙን፣ ጥቅሙንና ቦታውን ጽፈው፣ ከግርጌውም ማን እንዳስታወቀ ፈርመውበታል። ሽማግሌው በአለቱ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ቆርቆሮውን ነቅለው፣ ጽሕፈቱን ወደ ደረታቸው አዙረው እስከ ገርጂ በእግር ሄዱ። ወይዘሮ ሐሚዳ ከመደባቸው ተነሥተው ቆሙ።

«የገደልሁት እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ሐሚዳ።»

«አዎን፣ እርስዎ ነዎት» አሉ ወይዘሮ ሐሚዳ። «አልዋሽዎትም። ነግሬዎት ነበር።»

ከአንገት በላይ የሆነ ማጽናኛ ቢሰጧቸው ኖሮ አቶ ዓለምሰገድ ይቀየሟቸው ነበር፤ ይህን ግን ልባቸው ተቀበለው። «ጆንያዎቹስ?» ብለው ጠየቁ።

«ሄዱ» አሉ ወይዘሮ ሐሚዳ፤ ወዴት እንደ ሄዱ አልተናገሩም፣ አቶ ዓለምሰገድም አልጠየቁም።

ክረምቱ ገባ። አቶ ዓለምሰገድ ከቤት አልወጡም፤ አሁን የሚያስቀራቸው በሽታው አልነበረም። ወይዘሮ ዘርፌ ቆርቆሮውን ከአልጋ ሥር አግኝተው ለዶሮ ቤቱ ክዳን አደረጉት፤ ጽሕፈቱን ወደ ውስጥ አዞሩት። ዝናቡ ሲዘንብበት ሽማግሌው ይሰሙታል።

መስከረም ፲፪ ቀን ፳፻፲፫ ዓ.ም. ወይዘሮ ሐሚዳ ደወሉ።

«ጫማዎን አጥልቀው ይምጡ፣ ጋሼ። ወረቀትና ብዕር ግን እንዳይዙ።»

ከገርጂ ተነሥተው በየት በኩል እንደ ሄዱ አልጽፍም። ሚኒባስ ተሳፍረዋል፤ ከዚያም በእግራቸው ዐቀበት ወጥተዋል፤ አቶ ዓለምሰገድ ሁለት ጊዜ አርፈዋል። ከደረሱበት አለት ላይ፣ በሁለት ድንጋይ ስንጥቅ መካከል፣ ጀርባው ነጭ የሆነ እሾሃም ቅጠል ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ። ሽማግሌው ተንበርክከው ቈጠሩ፤ ዐሥራ አንድ ነበሩ።

«ጆንያዎቹን የገዛኋቸው እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ሐሚዳ። «ክንዱን ለፈላጊው ሸጥሁ፤ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ ሥር ሻጭ ነኝ። እናቶቹን ግን ለየሁ። ብዙዎቹ ደርቀው ነበር። እርጥበት የቀረላቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሌሊቱን አሳደርሁና ማለዳ እዚህ አምጥቼ ቀበርኋቸው። ሃያ ስምንት ነው የቀበርሁት፤ የወጣው ይኸው ነው።»

«ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

«ይጽፉታል ብዬ ነዋ!»

አቶ ዓለምሰገድ እጃቸው ሳያውቁት ወደ ደረት ኪሳቸው ሄዶ ነበር፤ ብዕር የለበትም። ወይዘሮ ሐሚዳ አዩአቸው፤ እርሳቸውም መታየታቸውን አይተው እጃቸውን መለሱ።

«በሚያምኑበት ይማሉልኝ፣ ጋሼ። በወረቀትም ቢሆን፣ በቆርቆሮም ቢሆን፣ በቃልም ቢሆን ይህን ቦታ ላያወጡ።»

«ዛሬ ቀኑ ሚካኤል ነው» አሉ ሽማግሌው። «እርሱ ምስክሬ ይሁን፤ አላወጣም።»

ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፫ ዓ.ም. ቅዳሜ ዋለ። ከተማይቱ እንደ ልማዷ ትጨስ ነበር፤ የሰዉ ሁሉ ጆሮ ግን በሰሜን ወደ ተጀመረው ጦርነት ነበር፤ በየቤቱ ሬዲዮና ስልክ ተከፍቷል። በዚህ ቀን ስለ አንድ እሾህ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም። ነገር ግን መጣ፤ አቶ ዓለምሰገድ ካገለገሉበት ቤት ብሩክታይት የምትባል ወጣት ባለሙያ ወረቀት ይዛ ሲኤምሲ ድረስ መጣች። የድሮ ናሙናዎች የተለቀሙባቸው ስፍራዎች ዛሬ ምን እንደ ሆኑ የሚመዘግብ ጥናት ተጀምሮ ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ በረንዳው ላይ ወንበር አወጡላት።

«ጋሽ ዓለምሰገድ፣ የእርስዎን ጽሕፈት እያየሁ ነው ሥራ የተማርኩት» አለች ብሩክታይት፤ ከቦርሳዋ የአንድ ናሙና ፎቶ ኮፒ አውጥታ ዘረጋች። የ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. ቀበሪቾ ነበር፤ ከነሥሩ፣ ከነእናቱ። «ጉብታው ላይ ሄጄ ነበር። ባዶ ነው። ቢሆንም በዚያ በኩል እንደ እርስዎ የሚያውቅ ሰው የለምና ቃልዎን ልመዝግብ ብዬ ነው።»

«መዝግቢ።»

«በተባለው ስፍራ ይገኛል?»

«አይገኝም። በመጋቢት ፳፻፲፪ አርባ ሦስቱም ተቈፍረው ተወስደዋል።»

ብሩክታይት ጻፈች፤ አንገቷን ሳታቀና ወደ ቀጣዩ መስመር አለፈች። «በአካባቢውስ? በከተማይቱ ምሥራቅ በሙሉ ማለት ነው፤ የሚያውቁት ሌላ ስፍራ አለ?»

አቶ ዓለምሰገድ የፎቶ ኮፒውን ግርጌ አዩ። የሰብሳቢው የምሁሩ ስም አለ፣ ቀኑ አለ፣ ስፍራው አለ፤ ሁሉም እውነት ነው፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት የጻፉት ሁሉ እውነት ነው። ያ እውነት ብቻ ነበር ሀብታቸው፤ ልጅ የላቸውም፣ ሹመት የላቸውም። ከሦስት ቀን በፊት በዚያ አለት ላይ አውራ ጣታቸው ውስጥ የተሰነቀረች እሾህ አሁንም ትጠዘጥዛቸዋለች። ወይዘሮ ዘርፌ ከበሩ ላይ ቆመው ያዩአቸዋል።

«ጻፊ» አሉ። «የለም። አንድም የቀረ የለም።»

ብሩክታይት ጻፈች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ ሽማግሌውን ወጋቸው። «የመጨረሻዋ መስመር» አለች፤ «መረጃውን የሰጠው ሰው ስም።»

ስማቸውን ከነአባታቸው ነገሯት፤ እርሷም በግልጽ ፊደል አስፍራ ወረቀቱን አዙራ አሳየቻቸው፤ ትክክል መጻፏን እንዲያዩላት ነው። አቶ ዓለምሰገድ አነበቡት። ትክክል ነበር። ፈረሙበት።

ያ ወረቀት ዛሬ በዚያ ማኖሪያ ቤት ከናሙናው ጋር ተያይዞ ይገኛል፤ የፈለገ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። በአዲስ አበባ ምሥራቅ ቀበሪቾ በመጋቢት ፳፻፲፪ ዓ.ም. ፈጽሞ እንደ ጠፋ ይናገራል። የሁለቱን ጆንያዎች ነገር፣ የእርጥቡን ጨርቅ፣ የወይዘሮ ሐሚዳንም ስም አያውቅም። የሊቀ ዕፀዋትን ስም ግን ያውቃል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት እውነት ሲጽፉ ማንም ያልጻፈላቸውን ስም፣ በሕይወታቸው በተናገሩት በአንዲቱ ሐሰት ግርጌ ጽፎላቸዋል። እርሳቸውም በ፳፻፲፮ ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አላረሙትም። ወይዘሮ ሐሚዳ አሁንም ገርጂ አሉ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ዘሩ ሲረግፍ አንድ ጊዜ ክንዱን ሊቈርጡ ወደ አለቱ ይወጣሉ። ስንት እንደ ደረሰ ቢጠይቋቸው «የምኑ?» ይላሉ።